የቆየ ቤት በባሕር ዳር፦ በጭቃ ማደስ፣ ሲሚንቶ ማልበስ፣ ከጀርባ መጨመር ወይስ አፍርሶ መሥራት?

ባሕር ዳር ውስጥ ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው የቆዩ ቤቶች በአብዛኛው ቋሚና ማገራቸው እንጨት፣ ምርጊታቸው ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933) እና ከዚያ ወዲህ በጥቁር ድንጋይ የተገነቡም አሉ፤ በቁጥር ግን ያንሳሉ። ሁለቱም ዓይነቶች የተሠሩት ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ ማድ ቤቱ ከጓሮ፣ ውኃው ከእንስራ ለሆነበት ኑሮ ነው። የዛሬ ቤተሰብ ሻወር፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይፈልጋል። የእነዚህ ሁሉ ውኃ የት ይግባ፣ በየት ይውጣ የሚለው ጥያቄ ከቀለሙም ከኮርኒሱም ይቀድማል።

አማራጮቹ አራት ናቸው፦ ቤቱን በራሱ ዕቃ፣ በጭቃና በኖራ ማደስ፤ ጭቃውን በሲሚንቶ ልስን ማልበስ፤ ዋናውን ቤት አቆይቶ ሻወሩንና ማድ ቤቱን ከጀርባ በብሎኬት መጨመር፤ አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት። ቋሚዎቹ ደህና ለሆኑ ቤቶች አንደኛውና ሦስተኛው ተጣምረው ከሁሉም የተሻለ ውጤት ይሰጣሉ። በከተማው በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ሲሆን የምንመክረው ደግሞ በመጨረሻ ነው፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

ከሁሉ በፊት የቋሚውን እግር ይፈትሹ

የቤቱ መልክ ምንም አይነግርዎትም። በድሮው አሠራር ቋሚው በቀጥታ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ የሚበሰብሰውም፣ ምስጥ የሚጀምረውም እርጥበትና አየር በሚገናኙበት በመሬቱ ወለል አካባቢ ነው። ከእያንዳንዱ የውጭ ቋሚ ሥር 40 ሴ.ሜ ያህል ያስቆፍሩ፣ ከመሬት በላይ ያለውን ምርጊትም 20 ሴ.ሜ ያህል ይፈልፍሉ። ከዚያ እንጨቱን በካቻቢቴ ይውጉት። በእጅ ግፊት ብቻ ከ1 ሴ.ሜ በላይ ከገባ ያን ክፍል እንደሌለ ይቁጠሩት። ጥድና ወይራ ላይ የሚበላው ብዙ ጊዜ ውጫዊው ነጣ ያለ ክፍል ነው፤ ጠረግ ሲያደርጉት ቀዩ መሐል ጠንካራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ባሕር ዛፍ ላይ ደግሞ ውጩ ደህና መስሎ ውስጡ ባዶ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በመዶሻ ጀርባ መታ መታ አድርገው ድምፁን ከጎረቤቱ ቋሚ ጋር ያነጻጽሩ።

ከዚያ ይቁጠሩ። ከአራት ቋሚ አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰ ከተበላ ቤቱ ይታደሳል። ከሦስት አንዱ ካለፈ፣ ወይም የተበሉት የማዕዘን ቋሚዎችና የጣሪያውን አናት የተሸከሙት ከሆኑ፣ የጥገናው ልፋት ከአዲስ ግንባታ ጋር መቀራረብ ይጀምራል። ይህ የአናጺ ልማድ መለኪያ ነው፤ ሁለቱ ገደቦች መካከል ያለ ቤት የሁለቱንም ዋጋ ማስጠናት ይፈልጋል።

ቀጥሎ የወለሉን ከፍታ ይለኩ። ብዙ ሰፈር ውስጥ መንገዱ በየጊዜው አፈርና ጠጠር ሲጨመርበት፣ በኋላም ኮብልስቶን ሲነጠፍበት ከፍ ብሏል፤ ቤቱ ግን ባለበት ቀርቷል። ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልተው አንዱን ጫፍ ከቤቱ ደጃፍ፣ ሌላውን ከመንገዱ ጠርዝ ቢያቆሙ ልዩነቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያውቁታል። ወለሉ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ በግቢው ሌላ ወገንም ውኃ የሚወርድበት ዝቅ ያለ ቦታ ከሌለ የትኛውም ልስን አያድነውም።

ምርመራው የሚሻለው በጳጉሜንና በመስከረም ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አልፎ ግድግዳው ገና እንደረጠበ እርጥበቱ የደረሰበትን ከፍታ በእርሳስ ያስምሩ። በታኅሣሥ መጥተው ያው መስመር አሁንም ጠቁሮ ካገኙት ውኃው ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት ወይም ከተሰበረ ቧንቧ ነው የሚመጣው። ወደ ሐይቁ በቀረቡ ሰፈሮች ይህ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ ጣና ከፍ የሚለው ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነውና የከርሰ ምድር ውኃውም የዚያን ጊዜ ይቀርባል።

አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት ደግሞ የይዞታ ካርታውን ይዘው ክፍለ ከተማው ዘንድ ይሂዱ። ቦታው በመንገድ ማስፋት ወይም በኮሪደር ልማት መስመር ላይ መሆን አለመሆኑን፣ የፕላን ስምምነት ማግኘት መቻልዎን ይጠይቁ። ቋሚ፣ ግድግዳ ወይም ጣሪያ የሚነካ ሥራ በሕንፃ አዋጁ መሠረት የግንባታ ፈቃድ ይፈልጋል። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የጥገና ሥራው አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ይሁንታ ማግኘት አለበት። የቀበሌ ቤት ከሆነማ ያለ አከራዩ ፈቃድ ሚስማርም ባይመቱ ይሻላል።

በጭቃና በኖራ ማደስ

ቅደም ተከተሉ ከእግር ወደ ራስ፣ ከዚያ ወደ ቆዳ ነው፤ ልስን መጨረሻ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ግን ከልስኑ ነው።

የተበላውን ቋሚ ለመቁረጥ በግራና በቀኙ ሁለት ድጋፍ እንጨት ከጣሪያው ተሸካሚ ሥር ያቁሙ፣ ከታች ሰፊ ጣውላ ያስነጥፉ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎችን ባንድ ጊዜ አይንኩ፤ አንድ እየዘለሉ ይሂዱ። የበሰበሰውን ክፍል ደህናው እንጨት እስኪገኝ ቆርጠው ያውጡ። በቦታው 40 በ40 ሴ.ሜ ስፋት፣ 50 ሴ.ሜ ጥልቀት ያለው የአርማታ እግር ይሙሉ፤ ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ነው። ላዩን ወደ 25 በ25 አጥብበው ከውጭው መሬት 25 ሴ.ሜ ከፍ ያድርጉት። አርማታው ሳይደርቅ ሁለት 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጠፍጣፋ ብረቶች ይተክሉበታል፤ እንጨቱ በመሐላቸው ቆሞ በሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ይታሰራል። እንጨቱና አርማታው በሚገናኙበት ቦታ ወፍራም ፕላስቲክ ይግባ፣ አለበለዚያ አርማታው የመሬቱን እርጥበት ወደ እንጨቱ ያሳልፋል። ለአንድ እግር ከ35 እስከ 40 ኪሎ ሲሚንቶ ይሄዳል። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣ፤ ድጋፉ ከዚያ በፊት አይነሳ። በሦስተኛው ቀን ድጋፉን ለሌላ ቋሚ መውሰድ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ብሎኖቹ ዙሪያ አርማታው ይሰነጠቃል።

በእግሮቹ መካከል ያለው የግድግዳው ታችኛ ክፍል አንድ ሜትር አንድ ሜትር እየተፈለፈለ በድንጋይ ይተካል፤ ድንጋዩ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴ.ሜ ከፍ ይበል። ከውጭ በኩል ሲሚንቶን እስከ ግድግዳው ድረስ ማስጠጋት ደረቅ ያደርጋል የሚል እምነት አለ። የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ከሥር የታፈነው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። ከግድግዳው ቀጥሎ 30 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጠጠር ይተዉ፣ ከጠጠሩ ወዲያ በሜትር 5 ሴ.ሜ ወደ ውጭ የሚወርድ ሊሾ ወይም ንጣፍ ያድርጉ።

ክዳኑ ላይ የሚያዋጣው ወጪ ሁለት ነው። አንደኛው ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውን ጫፍ ወደ 70 ወይም 80 ሴ.ሜ ማስረዘም። የዘጌ ክብ አብያተ ክርስቲያናት የጭቃ ግድግዳቸው ይህን ሁሉ ዘመን የቆየው ሰፊው ክዳን ዝናቡን ከግድግዳው ስላራቀው ነው። ሁለተኛው አሸንዳ። 80 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ የሚወርድ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ 3,200 ሊትር ውኃ ነው፤ አሸንዳ ከሌለ ሁሉም ከግድግዳው ሥር ይፈስሳል። ቆርቆሮ ሲገዙ የጌጁ ቁጥር ባነሰ መጠን ውፍረቱ እንደሚጨምር ያስታውሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል። ሚስማሩ ከነጎማው በሞገዱ ጀርባ ላይ ይመታ፤ በሸለቆው ላይ ከተመታ ውኃው የሚያልፍበት ቦታ ተበሳ ማለት ነው።

አሁን ምርጊቱ። ዋልካ አፈር አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሸማቀቅና ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቀይ አፈር ሁለት እጅ፣ አሸዋ አንድ እጅ፣ የጤፍ ጭድ እስከ አንድ እጅ ተደርጎ ይቦካል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሳይደርቅ ይቆይ፣ በየቀኑ ይረገጥ። የአፈሩ ጠባይ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሙሉ ግድግዳ ከመጀመር በፊት የአሸዋውን መጠን እየቀያየሩ አራት የአንድ ክንድ ስፋት ሙከራ ግድግዳው ላይ ለጥፈው ሳምንት ይጠብቁ፤ ያልተሰነጠቀውንና በጣት ሲታሽ የማይረግፈውን ይምረጡ። የመጀመሪያው ድርብ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ፣ ሁለተኛው 1 ሴ.ሜ ይሁን። የውስጡ ማጠናቀቂያ በወንፊት በተነፋ አፈርና በእበት ሊሆን ይችላል፤ ሽታው ሲደርቅ ይጠፋል።

ለውጭው ኖራ ይሻላል። የጎንደር ቤተ መንግሥቶችና በጎርጎራ ያለው የሱስንዮስ ዘመን ግንብ የተያያዙት በኖራ ነው፤ ውኃ የሚችል፣ ግን የሚተነፍስ ነገር ነው። ከሱቅ ሲገዙ ጀሶ እንዳይሰጥዎት ይጠንቀቁ፤ ሁለቱም ነጭ ዱቄት ናቸው፣ ጀሶ ግን ከውጭ ዝናብ ሲመታው ይላሽቃል። ኖራው በውኃ ተበጥብጦ ቢያንስ ያድራል፣ ሳምንት ቢቆይ ይበልጥ ይለሰልሳል። አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ ተቀላቅሎ፣ በተጫረና ውኃ በተረጨበት ጭቃ ላይ ከ1 ሴ.ሜ ሳይበልጥ ይለሰናል። ለ100 ካሬ ሜትር ግድግዳ 1 ሜትር ኩብ አሸዋና 330 ሊትር የቦካ ኖራ ያዘጋጁ። ለሳምንት በእርጥብ ጆንያ ከፀሐይ ይከለል፤ በመጋቢት ፀሐይ በአንድ ቀን የደረቀ ኖራ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ሠራተኛው ጓንትና መነጽር ያድርግ፣ ኖራ ዓይን ያቃጥላል።

የዚህ አማራጭ ድክመት ግልጽ ነው፦ ጊዜ ይወስዳል፣ በየጥቂት ዓመቱ ቀለም መቀባትና ስንጥቅ መድፈን ይፈልጋል፣ ጭቃ በደንብ የሚያውቅ ለሳኝም እየጠፋ ነው። ምርጊት ከጥቅምት ወዲህ ተጀምሮ ከግንቦት በፊት ካላለቀ ክረምቱ እርጥቡን ያገኘዋል። በምላሹ በሚያዝያ ሙቀት ወፍራሙ ጭቃ ክፍሉን ያቀዘቅዘዋል፤ ባለ 15 ሴ.ሜ ብሎኬትና ቆርቆሮ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን የኖረበት ያውቀዋል።

ሲሚንቶ ማልበስ

ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ይመስላል፣ ለተከራይም ያምራል። ለዚህ ነው የተስፋፋው። ችግሩ ጭቃና እንጨት በክረምት ሲያብጡ፣ በበጋ ሲኮማተሩ ሲሚንቶው አብሯቸው አለመንቀሳቀሱ ነው። መጀመሪያ ከመስኮት ማዕዘን ቀጭን ስንጥቅ ይነሳል። ውኃው በስንጥቁ ይገባል፣ ግን በሲሚንቶው ውስጥ መትነን አይችልም፤ ከጀርባ ያለው ጭቃ ይለሰልሳል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ምስጡም ማንም ሳያየው ይሠራል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ቤት የተነገረ ይመስላል። የዶሮ ሽቦ በሚስማር ተመትቶ ከሥሩ ሲገባ ልስኑ ቶሎ አይወድቅም፤ እርጥበቱን ግን አያስቀርም፣ እንዲያውም ጉዳቱ እስኪከፋ ድረስ ይደብቀዋል።

የሚያዋጣበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። በረንዳ የሸፈነው፣ ዝናብ የማይመታውና በድንጋይ እግር ላይ የቆመ ግድግዳ በሲሚንቶ ብዙ ዓመት ይቆያል። የገዙት ቤት አስቀድሞ ለብሶ ከሆነ ሁሉንም ለማርገፍ አይቸኩሉ። ግድግዳውን በጣትዎ መገጣጠሚያ እያንኳኩ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በጠመኔ ይክበቡ፤ ከታች እስከ አንድ ሜትር ያለውን ብቻ አራግፈው አንድ ሙሉ በጋ ያድርቁት፣ ቋሚውን ይፈትሹ፣ ያን ክፍል በኖራ ይመልሱት።

ከጀርባ መጨመር

ሻወርን አንዱ መኝታ ክፍል ውስጥ ማስገባት በወረቀት ላይ ርካሽ ነው። የጭቃ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ግን ከእንጨቱ ጋር ሲንቀሳቀስ መጋጠሚያው ይከፈታል፣ ቧንቧ ካንጠባጠበ ደግሞ ወሬው የሚሰማው ቋሚው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ውኃ የሚነካው ሁሉ ለብቻው በቆመ ቤት ውስጥ ይሁን፤ ዋናው ቤት ደረቅ ይቅር።

ለአንድ ቤተሰብ 6 ሜትር በ2.4 ሜትር ይበቃል፦ አንዱ ጫፍ ሻወርና ሽንት ቤት፣ ቀሪው ማድ ቤትና ማጠቢያ። ዙሪያውና አንድ መከፋፈያ ግድግዳ ሲደመር 19 ሜትር ይሆናል፤ በ2.6 ሜትር ቁመት፣ በርና መስኮት ተቀንሶ 44 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በካሬ 12.5 ብሎኬት 550 ይመጣል፣ ለስብራት ጨምረው 580 ይግዙ። መሠረቱ ከዋናው ቤት መሠረት ጋር አይያያዝ። ሁለቱ እኩል አይሰጥሙምና የተጋጠሙበት ቦታ ይሰነጠቃል፤ ቢያንስ 5 ሴ.ሜ ክፍተት ይተዉ፣ ቦታ ካለ ደግሞ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው የተሸፈነ መተላለፊያ ያድርጉ። የአዲሱ ክዳን ከዋናው ክዳን ጫፍ ሥር 20 ሴ.ሜ ገብቶ ወደ ውጭ ይዘንብል። ሁለቱ ክዳኖች ተገናኝተው መሐላቸው ሸለቆ ከተፈጠረ ቅጠል ይዘጋውና ውኃው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ፍሳሹ ላይ ቸል ማለት አይቻልም። ሐይቁ አጠገብ በግንቦት የተቆፈረ ደረቅ ጉድጓድ በመስከረም ግማሽ ድረስ ውኃ ሞልቶ ሊገኝ ይችላል። የ2 ሜትር ሙከራ ጉድጓድ አስቆፍረው ክረምቱን ያሳልፉ። ውኃ ካዩበት ወደ መሬት የሚያሰርግ ጉድጓድ አይሠራም፤ ውኃ የማያሳልፍ ሴፕቲክ ታንክ በአርማታ ይሠራና በመምጠጫ መኪና ይነሳል። መኪናው ወይም ቱቦው በበሩ መግባቱን አሁኑኑ ይለኩ። ታንኩ ከአሮጌው ግድግዳ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ቁፋሮው የቋሚዎቹን እግር ይንዳል። የሮቶ ውኃም እንዲሁ፦ 1,000 ሊትር አንድ ቶን ነው፣ የራሱ ማማ ይፈልጋል።

አፍርሶ መሥራት

ቋሚዎቹ ካለቁ፣ ወለሉ ከመንገድ በታች ሆኖ ውኃ መውጫ ካጣ፣ ወይም ፎቅ ካስፈለገ ሌላ መንገድ የለም፤ የጭቃ ቤት ፎቅ አይሸከምም። ሰው የማያስበው ግን አዲስ ፈቃድ ከመንገድ መራቅን ሊያስገድድ እንደሚችልና ከቦታው ላይ ጥቂት ሜትር ሊቀንስ እንደሚችል ነው። ዋልካ አፈር ላይ ደግሞ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ መቆፈርና ሰሌክት (የተመረጠ መሙያ አፈር) መሙላት ያስፈልጋል። ይህን ዘልሎ በብሎኬት የተሠራ ቤት በሁለት ክረምት ውስጥ ከማዕዘኑ ይሰነጠቃል፤ ጭቃ ቤት ግን ይታጠፍ ነበር እንጂ አይሰነጠቅም ነበር። ሲያፈርሱ የዋንዛ በርና መስኮቶችን፣ ደህና የጥድና የወይራ እንጨቶችን ለብቻ ያስቀምጡ። የጥድ ቋሚ ዛሬ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም።

የጥቁር ድንጋይ ቤት ከሆነ

ማፍረስ አይታሰብም ማለት ይቻላል። ሥራው በአብዛኛው መጋጠሚያውና ክዳኑ ነው። ጥቁር ድንጋይ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ሲሚንቶ ድንጋዩን አይሰብረውም፤ ግን ብዙዎቹ ግድግዳዎች መሐላቸው በጭቃ የተሞላ ነውና ከውጭ በሲሚንቶ ሲዘጉ ያ ጭቃ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ቀስ እያለም ይታጠባል። መጋጠሚያውን ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ፈልፍለው፣ አጥበው፣ በዚያው አንድ ለሦስት ኖራ ይሙሉት። አዲስ በር ሲከፍቱ ከላይ የሚጋደመው አርማታ በሁለቱም ወገን 25 ሴ.ሜ ይተኛ።

ኤሌክትሪክ፣ ለሁሉም ቤት

በእንጨትና በጭድ ቤት ውስጥ አሮጌ ሽቦ እሳት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። ከሶኬት መስመር ጋር አይጋራ፤ ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ 20 አምፔር ብሬከር ይኑረው። ለሶኬት 2.5፣ ለመብራት 1.5 ይበቃል። በቅጽበት የሚያሞቅ የሻወር ማሞቂያ ከምጣዱም ሊበልጥ ይችላል፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት አይተው እስከ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሂዱ፣ የመሬት ሽቦውም ከ1.5 ሜትር ዘንግ ጋር ይያያዝ። ጭቃውን ቦርቡሮ ሽቦ መቅበር ግድግዳውን ያዳክመዋል፤ በፕላስቲክ ቱቦ ከላይ አድርገው ከቋሚዎቹ ጋር ያያይዙት። 80 ሊትር ቦይለር ሲሞላ ከ100 ኪሎ ይበልጣል፣ ስለዚህ የሚሰቀለው በአዲሱ ብሎኬት ላይ ብቻ ነው። መስኮቶቹንና በክዳኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት በትንኝ መረብ ይሸፍኑ እንጂ በጭቃ አይድፈኑ፤ ወባው እንዲቀር፣ በቆርቆሮው ሥር ያለው ሙቀት ግን መውጫ እንዲኖረው።